ቡናው በኪሎ ይሸጣል፤ ደኑስ በምን ይለካል?

ቅዳሜ ጠዋት ባህር ዳር ገበያ የወጣ ሰው ከዘጌ የሚመጣውን ዕቃ በሁለት ይከፍለዋል፤ ቡናና ማገዶ። ቡናው ሚዛን ላይ ወጥቶ በኪሎ ይሸጣል። ማገዶው ሚዛን አያውቅም፤ ገዢው ሸክሙን በዓይኑ ይገምታል፣ ትንሽ ይከራከራል፣ ያነሳል። ሁለቱም የመጡት ከአንድ ደን ነው። ቡናውን በጥላው ይዞ ያሳደገው ዛፍ ግን እዚያው በቁሙ ነው። በቁሙ እስካለ ድረስ የሚጠይቀው የለም፤ ዋጋ የሚቆረጥለት እሱ ራሱ ሲቆረጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ስለሆነ ስለ ዘጌ አንድ የቆየ ጥያቄ በየጊዜው ይነሳል። ደኑ አለ ወይ? አለ። ከሐይቁ ላይ ሆኖ ለሚያየው ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ነው። ደህና ነው ወይ? እዚህ ላይ መልሱ እንደ ተመልካቹ ይለያያል፤ "ደህና" የሚለው ቃል መለኪያ ይፈልጋልና። ነጋዴ ሰኔ 30 ሲደርስ መጋዘኑን ዘግቶ ይቆጥራል። ደንም ይቆጠራል። እንዴት እንደሚቆጠርና ቆጠራው ለገበያ ምን ፋይዳ እንዳለው ግን በቡናው ንግድ ውስጥ ካሉት ሰዎች ብዙዎቹ ነገሬ ብለው አይተውት አያውቁም።

በሬ የማይጠመድበት መሬት

ዘጌ ከባህር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ፣ ከጣና ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ወደ ሐይቁ የገባ መሬት ነው። ጎብኚ የሚያውቀው በዑራ ኪዳነ ምሕረትና በአዝዋ ማርያም የግድግዳ ሥዕሎች ነው። ነጋዴ የሚያውቀው በቡናው ነው። የአካባቢው ሰው ደግሞ ከሁለቱም በፊት አንድ ሕግ ይጠቅሳል፤ በዚህ መሬት ላይ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት በልማድ የተከለከለ ነው።

ሕጉ ከገዳማቱ አመሠራረት ጋር የተያያዘ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው አቡነ በትረ ማርያም ከበትራቸው ሦስት ተክሎች በቀሉላቸው፤ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ። ሕዝቡም ማረሻ ሳይነካ በእነዚህ እንዲኖር ታዘዘ። ታሪኩን እንደፈለጉ መቀበል ይቻላል። የኢኮኖሚ ውጤቱ ግን አያከራክርም፤ የዘጌ ገበሬ ጤፉንም በቆሎውንም የሚገዛው ከገበያ ነው። ቡና ሸጦ እህል ይሸምታል። ስለዚህ ለእሱ ዋናው ነገር የቡና ዋጋ ብቻ ሳይሆን አንድ ኪሎ ቡና ስንት ኪሎ ጤፍ ይገዛል የሚለው ነው። ቡናው ከጤፉ ጋር መመጣጠን ያቃተው ዓመት ጉድለቱን የሚሞላ ሌላ የሚሸጥ ነገር ያስፈልጋል። ያ ነገር ከጓሮው የቆመው እንጨት ነው።

የዚህ ደን ታሪክ በሙሉ የጽድቅ ታሪክ ነው ማለት ግን አይደለም። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ ሐጂ አህመድ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አሥርታት የዘጌን ቡና ይለቅሙና ይኮተኩቱ ከነበሩት ብዙዎቹ ባሪያዎች ነበሩ፤ ባለቤቶቹም ካህናትና ባለርስቶች ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ መሬቱ የሕዝብ ንብረት ሆነ፤ የቡናውም ይዞታ ተከፋፈለ። ይህን ማንሳት ያስፈለገው ለአንድ ነገር ነው። የዘጌ ደን የሰው እጅ ያልነካው ጫካ አይደለም። ለብዙ መቶ ዓመታት ሲለቀም፣ ሲመነጠር፣ ሲከረከም የኖረ የሚሠራበት ደን ነው። እንዲህ ያለው ደን የሚመዘነው እንደ ጥንቱ አለ ወይ ተብሎ ሳይሆን፣ እየተጠቀሙበት ራሱን ይተካል ወይ ተብሎ ነው።

ቆጠራው እንዴት ነው?

ማንም ሰው የዘጌን ዛፍ ሁሉ አንድ በአንድ አይቆጥርም። ቡና ቀማሽ ጭነቱን ሁሉ አይጠጣም፤ ከየጆንያው ጥቂት ጥቂት ቀንሶ ናሙና ይወስዳል። የደን ባለሙያም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በደኑ ውስጥ ቀጥታ መስመር ያወጣል፤ በመስመሩ ላይ በተወሰነ ርቀት ካሬ ቦታ ይለካል። የተለመደው ስፋት 20 በ20 ሜትር፣ ማለትም 400 ካሬ ሜትር ነው፤ 25ቱ አንድ ሔክታር ይሞላሉ። በካሬው ውስጥ ያለው ዛፍ ሁሉ በስም ይመዘገባል፤ ውፍረቱ ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ፣ በሰው ደረት ልክ ይለካል። ከዚያ በካሬው ውስጥ ሌሎች ትንንሽ ካሬዎች ተከልለው ችግኙና ጫጩቱ ይቆጠራል። አዲስ ካሬ ሲጨመር አዲስ ዓይነት ዛፍ መምጣቱን ሲያቆም ናሙናው በቃ ይባላል።

በዚህ ዓይነት መንገድ ዓለምነው አለልኝ፣ ደመል ተክታይና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት በዘጌ ከ100 በላይ የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶች መዝግበዋል። በዚያው ዓመት ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት አግኝተዋል። ዙሪያው በእርሻና በባሕር ዛፍ በተወረረበት አገር ይህ ቀላል ሀብት አይደለም። ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ዶቅማው፣ እሸው፣ ብርብራው፣ ሾላው ሁሉ በዚህ መዝገብ ውስጥ አለ። ብርብራ ከኢትዮጵያ ውጪ በተፈጥሮ የማይገኝ ዛፍ ሲሆን፣ የጣና አስጋሪ ፍሬውን አድቅቆ ዓሣ ለማደንዘዝ ይጠቀምበት እንደነበረ የታወቀ ነው። ለዓሣ ገበያው ያ ያተረፈው ነገር የለም፤ ትልቁንም ትንሹንም አብሮ ይጨርሳልና።

የዓይነት ብዛት ግን ግማሽ መልስ ነው። ሁለት መጋዘን እናስብ። በሁለቱም 10 ዓይነት እህል፣ 100 ኩንታል አለ። በአንደኛው እያንዳንዱ ዓይነት 10 ኩንታል ነው። በሁለተኛው 91ዱ ኩንታል በቆሎ ሲሆን የቀሩት 9 ዓይነቶች አንዳንድ ኩንታል ናቸው። "ስንት ዓይነት አለህ?" ተብለው ቢጠየቁ ሁለቱም ባለመጋዘኖች "10" ይላሉ። አይዋሹም። ነገር ግን በቆሎ የወደቀ ቀን የሁለተኛው ቤት ይዘጋል።

ይህን ልዩነት በአንድ ቁጥር የሚያሳይ ቀመር አለ። ክሎድ ሻነን የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው ለመልእክት ማስተላለፊያ ሥራ ነበር፤ በኋላ የሥነ ሕይወት ሰዎች ወሰዱት። በሻነን ቀመር የመጀመሪያው መጋዘን 2.3 ያገኛል፣ ሁለተኛው 0.5። ዘጌ ላይ ቆጣሪው ከጥላው ሥር ሲገባ በብዛት የሚያገኘው የቡና ግንድ ነው። ገበሬው ለቡናው ቦታ ለመስጠት ሌላውን በመነጠረ ቁጥር ደኑ ከመጀመሪያው መጋዘን ወደ ሁለተኛው እየሄደ ነው ማለት ነው። ከአየር ላይ ለሚያየው ግን ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

ከላይ ለምለም፣ ከታች ባዶ

ቁጥር ሲበዛ ጥሩ ነው ብሎ መደምደምም ያሳስታል። ለዚህ ጥሩ ትምህርት የሰጠው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስለ ወፎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በጥላ ቡና ማሳ ውስጥ ያገኟቸው የወፍ ዓይነቶች በተፈጥሮ ደኑ ውስጥ ካገኟቸው በእጥፍ ይበልጡ ነበር። በደኑ ከታዩት ውስጥም በቡናው ማሳ ያልተገኘ አንድ ብቻ ነው። የቡና ላኪ ይህን ቢሰማ በማሸጊያው ላይ ለማተም አያመነታም። ሁለተኛው የጥናቱ ገጽ ግን ሌላ ነገር ይላል። ከጥቅጥቅ ደን ውጪ የማይመቻቸው ወፎች በብዛት የሚገኙት አሁንም በደኑ ውስጥ ነው፤ በቡናው ማሳ የበዙት ሜዳም ቁጥቋጦም የሚበቃቸው ናቸው። ዓይነት ጨመረ፤ የጨመረው ግን የትም የሚገኘው ነው።

የዘጌ ቁም ነገር ከወፉ ይልቅ ችግኙ ላይ ነው። ጤናማ ደን ሲቆጠር ችግኙ ብዙ፣ መካከለኛው ከዚያ ያነሰ፣ ትልቁ ዛፍ ጥቂት ሆኖ ይገኛል፤ ልክ ልጅ፣ ጎልማሳና ሽማግሌ እንዳለበት ቤት። ከላይ የተጠቀሰው የዘጌ ጥናት ከተመለከታቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ሲሆን፣ የአንዳንድ ዛፎች ተተኪ መሳሳቱን አመልክቷል። ሽማግሌው ቆሟል፣ ልጁ የለም። እንዲህ ያለ ዛፍ በ10 ዓመት ውስጥ አይጠፋም፤ ስለዚህ ማንም አይደነግጥም። የሚጠፋው ሽማግሌው የወደቀ ዕለት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መተኪያ ለማሳደግ የሰው ዕድሜ ግማሽ ይፈልጋል።

ችግኙን ማን በላው? በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች መልሱ ግልጽ ነው። ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው የደኑን ክፍል አጥረው ከብት እንዳይገባ ሲያደርጉ ችግኙ ከአጥሩ ውጪ ካለው በተሻለ ሁኔታ ማደጉን አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ በበርካታ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የድንጋይ አጥር ተሠራ፤ ለዚህም ማርጋሬት ሎውማን የተባሉት አሜሪካዊት የደን ተመራማሪ ከውጭ ገንዘብ በማሰባሰብ አግዘዋል። ዘጌ ይህን አጥር ያለ አንዲት ድንጋይ ከጥንት ጀምሮ ነበረው። በሬ አይገባም የሚለው ሕግ ራሱ አጥር ነው፤ ወጪም የለውም።

ታዲያ ከብት በሌለበት ችግኝ ለምን ይሳሳል? እዚያ ያለው ከብት ሳይሆን ማጭድ ነው። ገበሬው በየዓመቱ ከቡናው ሥር ያለውን አረም ሲያጸዳ የዋንዛው ችግኝና አረሙ አብረው ይወድቃሉ። ቡናውን ለመልቀም የጸዳ መሬት ያስፈልጋል፤ ያጸዳውም ሰው ምንም ጥፋት አልሠራም፤ እንዲያውም ጎበዝ ገበሬ የሚባለው እሱ ነው። በዚህ ላይ ለማገዶ የሚሸጠው ቀጫጭኑ ዛፍ ሲጨመር፣ ከሁለቱ ወገን የሚጎዳው መካከለኛው ዕድሜ ነው። ይህን በሳተላይት ፎቶግራፍ ማየት አይቻልም። ተጎንብሶ መቁጠር ይጠይቃል።

ስንት ያወጣል?

በዚህ ገጽ አንባቢ ዘንድ መጨረሻው ጥያቄ ይህ ነው። መልስ ለመስጠት የሞከሩ አሉ። ላርስ ሃይንና ፍራንዝ ጋትስቫይለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች ውስጥ ያለው የቡና ዘር ሀብት ለዓለም ስንት እንደሚያወጣ አስልተው ነበር። ሒሳቡን የሠሩት በሽታ ከሚቋቋም፣ ምርት ከሚጨምርና ካፌይኑ አነስተኛ ከሆነ ዘር ሊገኝ ከሚችለው ጥቅም ተነስተው ነው። ውጤቱ 1 ቢሊዮን 458 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሆነ፤ የወደፊቱ ገቢ በ5 በመቶ ተቀናሽ ከተሰላ። በ10 በመቶ ሲሰላ ግን 420 ሚሊዮን ዶላር። ደኑ ያው ነው፣ ቡናውም ያው ነው፤ የወለዱ መጠን ብቻ ተለወጠና ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ዋጋ በነነ። ከባንክ የተበደረ ሁሉ ይህን በሚገባ ያውቀዋል። ለልጅ ልጅ የሚደርስ ሀብት ወለድ በከበደበት አገር ምንጊዜም ርካሽ ሆኖ ይታያል።

ይህ ቁጥር ለንግግር ጥሩ ነው፤ ለብድር ዋስትና ግን አይቀርብም። ቢሆንም ባዶ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲገባ የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ያገኙት ከፋብሪካ አልነበረም፤ በደቡብ ምዕራብ ደኖችና ማሳዎች ውስጥ እየዞሩ በሽታው ያልነካውን ዛፍ መርጠው አባዙት። ያ ዛፍ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።

ከባህር ዳር ራቅ ሳይሉ ሌላኛውን ጎን የሚያሳይ ነገር አለ። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማና አካባቢው ገበሬው አሲድ የበዛበትን መሬት ዲከረንስ በሚባለው የአውስትራሊያ ግራር ሞላው። መጀመሪያ ዓመት ከጤፍ ጋር ይዘራል፣ ከዚያ ሣሩ ይታጨዳል፣ በ4 እና በ5 ዓመት ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ከሰሉ እስከ አዲስ አበባ ተጭኗል። ብዙ ቤት ቆርቆሮ የለበሰው፣ ብዙ ልጅ የተማረው በዚሁ ነው፤ ይህን ማቃለል አይገባም። መሬቱም በዛፍ ተሸፈነ፤ በሽፋን መለኪያ ከታየ ድል ነው። ሁሉም ዛፍ ግን አንድ ዓይነት ነበር። በቅርብ ዓመታት ዝገት የሚመስል የፈንገስ በሽታ ሲገባ ከማሳ ማሳ የሚያግደው ሌላ ዛፍ አልነበረም። የሁለተኛው መጋዘን ባለቤት ላይ የደረሰው በቆሎ የወደቀ ዕለት ይኸው ነው።

የአውሮፓ ገዢ ምን ይጠይቃል?

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ከደን ጭፍጨፋ ነጻ የሆነ ምርትን የሚመለከተው ሕግ የቡና ላኪውን ሁሉ አስደንግጧል። ተፈጻሚነቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ መሠረቱ ግን አልተለወጠም። ቡናው የተመረተበት ማሳ በካርታ ላይ ይታወቅ፤ ማሳው እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ከተመነጠረ ደን የተገኘ አይሁን። ሕጉ ደን የሚለው ከግማሽ ሔክታር የሚበልጥ፣ ዛፉ ከ5 ሜትር የረዘመ፣ ጥላው ከመሬቱ ከ10 በመቶ በላይ የሚሸፍን ቦታን ነው።

ደላላም ሆነ ላኪ እዚህ ላይ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በዚህ መለኪያ 100 ዓይነት ዛፍ የነበረው ደን ወደ 10 ዓይነት ቢወርድ፣ ጥላው እስካለ ድረስ በአብዛኛው ያልፋል። ሕጉ የጠፋውን ደን ይይዛል፤ የደኸየውን ለመያዝ ያለው አቅም ደካማ ነው። ስለዚህ "የአውሮፓን ሕግ አልፈናል" ማለትና "ደናችን ደህና ነው" ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን በሌላው ስም መሸጥ ለጊዜው ያዋጣ ይሆናል፣ ጠያቂ ገዢ የመጣ ቀን ግን ያሳፍራል።

ጠያቂ ገዢ ደግሞ አለ። በአሜሪካ የስሚዝሶኒያን ተቋም ለወፍ ምቹ ብሎ ማኅተም የሚሰጠው ቡና ኦርጋኒክ ሆኖ፣ ጥላው ቢያንስ 40 በመቶ፣ የዛፉ ዓይነት ቢያንስ 10 መሆን አለበት። 100 ዓይነት ላለው ዘጌ 10 ምን አላት ያሰኛል። ቆጠራው ግን የሚካሄደው ለባሕረ ገብ መሬቱ በጠቅላላ ሳይሆን ቡናው በተለቀመበት ማሳ ነው፤ እዚያ ላይ ውጤቱ ከገበሬ ገበሬ ይለያያል። በዓለም አቀፍ ደረጃም መንግሥታት እ.ኤ.አ. ከ1992ቱ የሪዮ ጉባኤ ወዲህ ደንን በመስፈርት መመዘን ለምደዋል፤ በ1994 የተጀመረው የሞንትሪያል ሒደት ካወጣቸው 7 መስፈርቶች ቀዳሚው ብዝሃ ሕይወት ነው።

ማኅተሙ ደኑን ያድናል ወይ ለሚለው አገር ውስጥ የተሞከረ ምሳሌ አለ። በጅማ አካባቢ በለጠ ጌራ ደን ውስጥ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተደራጁ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ2007 የሬይንፎረስት አሊያንስ ማረጋገጫ አግኝተው ነበር። ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሳተላይት ምስል አነጻጽረው ያገኙት እንዲህ ይላል፤ ማረጋገጫ ያለው የደን ቡና መሬት ቡና ከሌለበት ደን ይልቅ ከመመንጠር ተርፏል፤ ቡና ኖሮበት ማረጋገጫ የሌለው መሬት ግን ቡና ከሌለበት ደን የተለየ አልነበረም። "ቡና ካለ ደኑ ራሱ ይጠበቃል" የሚለውን ወሬ ይህ ውጤት አይደግፈውም። ደኑን የጠበቀው ተቆጥሮ የተከፈለበት ቡና ነው።

የዘጌ ሒሳብ

ዘጌ ለዚህ ገበያ አዲስ አይደለም፤ መጠኑ ግን አነስተኛ ነው። አብዛኛው ቡና እዚያው ጎጃምና ባህር ዳር ይጠጣል። ይህ በአንድ በኩል ጥሩ ነው፤ የኒውዮርክ ዋጋ በቀጥታ አይመታውም። በሌላ በኩል ደግሞ ለደኑ ተጨማሪ የሚከፍል ገዢ ከአገር ውስጥ እስካሁን አልመጣም። የባህር ዳር ቡና ጠጪ ዘጌ የሚለውን ስም ይወዳል፤ ስለ ዋንዛው ችግኝ ብሎ ግን በስኒ ላይ ብር አይጨምርም። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም ገበያ አንድ ፓውንድ ቡና ከ50 ሳንቲም በታች ሲያወርድ፣ በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ከ4 ዶላር በላይ ሲያወጣ የታየ ገበያ ነው። ዋጋው ከፍ ባለበት ጊዜ ገበሬው ሌላውን ዛፍ ነቅሎ ቡና ለመጨመር ይገፋፋል፤ ዋጋው በወደቀ ጊዜ ዛፉን ለማገዶ ለመሸጥ ይገፋፋል። በሁለቱም ወገን የሚቆረጠው ዛፉ ነው።

የጣና ሐይቅ አካባቢ በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል። ስፋቱ 700 ሺ ሔክታር ይጠጋል። ለባለሀብት ትርጉሙ መሬቱ በሦስት መከፈሉ ነው፤ የማይነካ እምብርት፣ በጥንቃቄ የሚጠቀሙበት መካከለኛ ቀጣና፣ ከዚያም ልማት የሚካሄድበት የውጪው ቀለበት። በሐይቁ ዳር ሎጅ ለመሥራት ወይም ለእርሻ መሬት ለመጠየቅ የሚያስብ ሰው ቦታው በየትኛው ቀጣና እንደሚውል ሳያጣራ ገንዘቡን ባያወጣ ይመረጣል። ምዝገባው በየ10 ዓመቱ የሚገመገም ነው፤ ግምገማው ደግሞ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥር ለማግኘት ሰው ደን ውስጥ መግባት አለበት። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ጎብኚውን ከገዳማቱ አራቀ፤ በመስክ ሥራም ላይ ጫናው ቀላል አልሆነም።

ገንዘቡስ? ካሬ ለመለካት ገመድ፣ ሜትር፣ መዝገብና የዛፉን ስም የሚያውቅ ሰው ይበቃል። የዛፉን ስም የሚያውቀው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያው ገበሬው ወይም መነኩሴው ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ሰው ሳይንሳዊውን ስም ይጨምርበታል። ወጪው የሚከብደው ድግግሞሹ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የተቆጠረ ደን እንደ አንድ ዓመት ሒሳብ ነው፤ ትርፍና ኪሳራ አይታይበትም። ያንኑ ካሬ፣ ያንኑ ዛፍ፣ ቁጥር ተመትቶበት ከ5 እና ከ10 ዓመት በኋላ መልሶ መቁጠር ያስፈልጋል። ይህን ገበሬው ከኪሱ ይክፈል ማለት አይቻልም። ገዢው ለቅምሻና ለደረጃ ምርመራ ሲከፍል ኖሯል፤ የዘጌን ስም በማሸጊያው ላይ አትሞ ከሌላው አብልጦ ለመሸጥ የሚፈልግ ነጋዴም የቆጠራውን ወጪ በኩንታሉ ዋጋ ውስጥ ሊያስበው ይገባል።

ገበሬው በበኩሉ ሊያደርገው የሚችለው ከመስከረም አረም ጋር የተያያዘ ነው። ማጭዱ ከመግባቱ በፊት በየማሳው ጥቂት የዋንዛ፣ የሰሳና የብርብራ ችግኞች ተመርጠው አጠገባቸው እንጨት ይተከላል፤ አጫጁ እንጨቱን ሲያይ ዞሮ ያልፋል። በቀጣዩ ዓመት ስንቱ እንደተረፈ ይቆጠራል። ለዚህ ዶላርም ሳተላይትም አያስፈልግም፤ ችግኙን ለተወበት ቦታ በቡና ያጣውን የሚተካለት ገዢ ግን ያስፈልጋል።